በክቡ መሃል የያዝኩት ገመድ

ቴፒ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ዕቃ የጥርስ ብሩሽ ነው። የመበየጃ ካውያ አይደለም፣ ቴስተር አይደለም፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። የሬዲዮ ጥገና ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሽኩር ክዳኑ የተከፈተ ሬዲዮ ከፊቴ አስቀመጠና «በረሮውን አውጪ፣ ዝገቱን ጥረጊ፣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ» አለኝ። የቴፒ ሙቀትና እርጥበት ለሬዲዮ አይሆንም። ከቡና እርሻዎቹ የሚመጣልን ሬዲዮ አብዛኛው የሚበላሸው በረሮ ውስጡ ገብቶ እየተራባ ነው።

ከጎኔ ደምስ ተቀምጧል። ከእኔ ቀደም ብሎ ነው የገባው፤ ብዙም አልቀደመኝም። ዕድሜያችን እኩል ነው። ካውያው እሱ እጅ ላይ ነው፣ ጫፉ ይጨሳል። ጋሽ ሽኩር በትከሻው በኩል ጎንበስ ብሎ የበየደውን አየና «የዚህ ልጅ እጅ ይባረክ» አለ። ለእኔ ምንም አላለኝም። በረሮ ለምታወጣ ሴት ምን ይባላል?

መቅናት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ልደብቀውም አልፈልግም። አሁን በሚዛንና በቴፒ ስቱዲዮ የከፈታችሁ ልጆች «እትዬ አስቴር፣ ሴንሰርን ከኮምፒውተር ማገናኘት እንዴት ተማርሽ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። መልሱ ከቅናቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዱን ትቼ ሌላውን ልነግራችሁ አልችልም።

ጋሽ ሽኩር ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ለሁለታችንም እኩል ነው ያስተማረን። «ካውያውን የመበየጃው እርሳስ ላይ አታሳርፉ፣ ዕቃው ላይ አሳርፉ። ዕቃው ሲግል እርሳሱ ራሱ ይሄዳል» ይለን ነበር። ያበራ ብየዳ ጥሩ ነው፤ አመድ የመሰለ ብየዳ ውሸታም ነው፣ ዛሬ ይሠራል ነገ ይለቃል። እስከ ዛሬ የምሠራው በዚህ ነው።

ደንበኞቹ ግን እንደ ጋሽ ሽኩር አልነበሩም። አንድ ቡና ሰብሳቢ ቴፑን ሊወስድ መጣ። የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ ካሴት ከትቼ እያሰማሁት ነው። ሰውየው ጥቂት አዳመጠና «ጥሩ ነው፤ ለማንኛውም ያ ልጅ አንዴ ይየው» አለ። ደምስ እጁን ጠራረገና መጣ። ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው። ምንም አልነካም። ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው ለደምስ ነው። ደምስ ዞር ብሎ «ምንም የሚነካ ነገር አጣሁበት እኮ» አለኝ እየሳቀ። ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩለትም።

ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል አይደል? ደምስ እንዲህ ብሎ ጸልዮ ከነበረ ጸሎቱ ተሰምቶለታል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር።

በኋላ ደምስ ጅማ ለትምህርት ሄደ። ሲሄድ ደስ አለኝ። ጋሽ ሽኩር ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ሱቁን ለወንድሙ ልጅ አስረከበ፤ እኔም ሚዛን ከተማ ሄጄ በመንግሥት የባህል ቡድን ውስጥ በኮንትራት የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሚክሰር፣ ማይክ፣ ስፒከር፣ ጀነሬተር፣ ገመድ ሁሉ በእኔ እጅ ሆነ። በዓል ሲኖር ሸዋ ቤንችም ማሻም ከቡድኑ ጋር በአይሱዙ እንጫናለን። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ሚክሰሩን በላስቲክ እሸፍናለሁ፣ ከዚያ ነው ራሴን የምሸፍነው።

ከጎኔ የሚመሰገን ሰው ያልነበረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሕይወቴ ደህና የተኛሁበት ዘመን ነበር።

ደምስ የመጣው ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤት ገብቼ የገመድ መግዣ ላስፈርም ስል ኃላፊያችን ወይዘሮ ገነት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጥቁር ቦርሳ ጭኑ ላይ ይዟል። «አስቱ!» ብሎ ተነሥቶ ሳመኝ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ቦርሳውን ነበር የማየው።

ወይዘሮ ገነት ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። «ተዋወቁ ልላችሁ ነበር፣ ለካ ትተዋወቃላችሁ» አለች። «አዲሱ መዋቅር መጥቷል። የድምፅ ባለሙያ መደብ አንድ ብቻ ነው። ከባህል በዓሉ በኋላ እንመድባለን፤ እስከዚያ ሁለታችሁም ሥሩ።»

«እኔ ስንት ዘመን በኮንትራት የሠራሁት ሰው ምን ልሆን ነው?» አልኳት።

«አንድ መደብ ነው አስቴር። እኔ አልፈጠርኩትም።»

አንድ መደብ፣ ሁለት ሰው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ያን ዓመት ለበዓሉ የታሰበው ከሸዋ ቤንች ወዲያ ካለ መንደር የሚመጣ የመለከት ቡድን ነበር። መለከቶቹ ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸው፤ ረጅምም አጭርም አለ። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እያንዳንዱ ሰውም አንድ መለከት ብቻ ነው የሚነፋው። ዜማው የሚወጣው ክብ ሠርተው እየዞሩ ተራ በተራ ሲነፉ ነው። ማንም ብቻውን ዜማ የለውም። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ይሆናል።

አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። የቡድኑ መሪ አባባ ማቴዎስ ታናሽ ወንድም አቶ ጴጥሮስ ሞተዋል። የሳቸው ተራ ከአባባ ማቴዎስ ቀጥሎ ነበር።

አባባ ማቴዎስ ይህን ሊነግሩን ጽሕፈት ቤት ሲመጡ ወይዘሮ ገነት «ሌላ ሰው ለምን አይተካም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አባባ ማቴዎስ አማርኛቸው አጭር ነው፣ እናቴ ቤንች ስለሆነች ለእኔ በቤንችኛ ይጨምሩልኛል። «ልጆቹ ቴፒ ቡና ለቀማ ናቸው» አሉ። «የቀሩት ቤተ ክርስቲያን ጊታር ይዘዋል። መለከት ደግሞ በሳምንት አይለመድም። ዘንድሮ አንመጣም።»

ደምስ ቦርሳውን ከፍቶ ላፕቶፑን ያወጣው ይህን ጊዜ ነው። «አባባ፣ እርስዎ ሲነፉ ኮምፒውተሩ ሰምቶ የወንድምዎን ድምፅ ቢያወጣስ? እንደ ቴፕ ዝም ብሎ የሚሄድ አይደለም። እርስዎ ካልነፉ አይነፋም፣ ቢያዘገዩ ይጠብቃል።»

አባባ ማቴዎስ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ምን አውቄ? «ይቻላል ይላል» አልኳቸው በቤንችኛ። ወይዘሮ ገነት ዓይኗ አበራ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደምስ «ኢንጂነር» ሆነ፣ እኔ አስቴር።

ሴንሰር ስሙ ነው የሚያስፈራው። ደምስ ከቦርሳው ያወጣት ከማንቂያ ሰዓት ውስጥ የምትገኘዋን፣ ጢጥ ጢጥ የምትለዋን ስስ የነሐስ ክብ ናት። ጋሽ ሽኩር ቤት ስንቷን ነቅለን ጥለናል! ሰዓቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትጮሃለች። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስትንቀጠቀጥ ራሷ ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። መለከት ላይ ትታሰራለች፤ ሰውየው ሲነፋ ቀርከሃው ይንቀጠቀጣል፣ እሷም በሽቦ ወደ አንዲት ትንሽ ቦርድ ትልካለች። ቦርዷ ወደ ቁጥር ለውጣ በዩኤስቢ ገመድ ለላፕቶፑ ታቀብላለች። ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም የተቀዳውን ድምፅ ይለቃል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሥራውን ተካፈልን። ከመለከቱ እስከ ቦርዷ ያለው የእኔ፣ ከቦርዷ እስከ ስፒከሩ ያለው የደምስ። ክፍፍሉ ትክክል ነበር። ግን አስቡት፤ ሽቦ በፕላስተር ተሸፍኖ ይቀራል፣ ብየዳ ክዳን ውስጥ ይቀበራል፣ ላፕቶፕ ግን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ያበራል። ወደምንለማመድበት አዳራሽ የገባ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ደምስ ነበር የሚሄደው።

የመጀመሪያው ሙከራ መሳቂያ ሆነ። አባባ ማቴዎስ ገና ሳይነፉ ላፕቶፑ ጮኸ። ጀነሬተሩ ሲበራ ጮኸ፣ ሰው ሲራመድ ጮኸ። ሲነፉ ደግሞ አንዴ ለነፉት ደጋግሞ መለሰ። ነፊዎቹ መለከታቸውን አውርደው ተሳሳቁ። ወይዘሮ ገነት «ይሄ ነገር ይሆናል?» ስትል ደምስ ላቡን ጠረገ። እኔ፣ እንዲያው ስለ እውነት፣ ደስ አለኝ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ግማሹ ጥፋት የእኔ ሽቦ መሆኑን አወቅሁ።

ተራውን ሽቦ አውጥቼ እንደ ማይክ ገመድ ዙሪያውን በመረብ የተሸፈነ ገመድ አስገባሁ፤ የመረቡንም ጫፍ በአንድ በኩል ብቻ ግራውንድ ላይ በየድኩ። በነሐሷ ሁለት ጫፎች መካከል ትልቅ ሬዚስተር ጨመርኩ፤ ውስጧ የቀረው ኃይል ወዲያው እንዲፈስስላት። ከዚያ የብስክሌት ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቆርጬ ነሐሷን ቀርከሃው ላይ አጥብቄ አሰርኳት፤ ፕላስተር በላብ ይለቃል፣ ላስቲክ አይለቅም። ደምስም በበኩሉ ፕሮግራሙ አንዴ ከሰማ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጆሮውን እንዲደፍን አደረገው። ሰው አባባ ማቴዎስን ሲገፋቸው እንዳይጮኽም በሳቸውና ከሳቸው በፊት ባለው ነፊ መለከት ላይ አንዳንድ ነሐስ አሰርን፤ ሁለቱ በተራቸው ካልተሰሙ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል።

ሠራ። አንዴ ተነፋ፣ አንዴ መለሰ። «አስቱ፣ ነይ ፕሮግራሙን ላሳይሽ» አለኝ ደምስ።

«የራሴ ሥራ አለኝ» አልኩት። ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

የለቀቅነው ድምፅ ከአባባ ማቴዎስ መለከት የተቀዳና ደምስ በኮምፒውተር ወፈር ያደረገው ነበር። አባባ ማቴዎስ አዳመጡት። «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ። «ወንድሜ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ መጡና በቤንችኛ «ልጄ፣ በፊት ስንመጣ እያንዳንዳችንን ለብቻ ታስነፊን ነበር። እሱም ነፍቶልሻል። የት አደረግሽው?» አሉኝ።

ማንም ቡድን ሲመጣ የማይክ ልክ ለማስተካከል አንድ በአንድ አስነፋለሁ። ሌላ የድምፅ ሠራተኛ ያን ጊዜ ቴፑን አያስነሣም፤ እኔ ግን ከሙከራው ጀምሬ እቀዳ ነበር። ካሴቱ ቤቴ አለ። የጴጥሮስ አንድ ድምፅ ለብቻው፣ ጥርት ብሎ፣ እዚያ ላይ እንዳለ አውቄ ነበር። ደምስ ሐሳቡን ከተናገረባት ቀን ጀምሮ አውቄ ነበር። ዝም ያልኩት የእኔ የምለው ነገር ካሴቱ ብቻ ስለነበረ ነው። ላፕቶፑ የሱ፣ ቦርዷ የሱ፣ ፕሮግራሙ የሱ። ካሴቷን ብሰጥ እሷም ነገ የ«ኢንጂነሩ» ትባላለች።

አንድ ሽማግሌ «ወንድሜን የት አደረግሽው» ሲልሽ ግን ምን ትያለሽ? ካሴቷን አመጣሁ።

ደምስ ወደ ላፕቶፑ ገለበጣት። አባባ ማቴዎስ ቆመው ነፉ፤ ስፒከሩ መለሰ። ሽማግሌው መለከታቸውን ከአፋቸው አውርደው ስፒከሩን አዩት። ደምስ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ ፍጥነቱን? ምንም መዘግየት የለውም!» አለ።

«ድምፁ ጴጥሮስ ነው» አሉ አባባ ማቴዎስ። «ግን ጴጥሮስ ቸኩሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፤ ለዚህ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። እኛ እሱን ለምደን ነው የምንገባው። ይሄኛው ቶሎ ሲመጣ ከኋላው ያለው ሰው ይደናገራል።»

ደምስ ጅማ ሲማር ኮምፒውተሩ እንዳይዘገይ ነው ቀንና ሌሊት የለፋው። አሁን ሆን ብሎ እንዲያዘገየው ተጠየቀ። አንድም ቃል አልተከራከረም። ከሽማግሌው አጠገብ ተንበርክኮ «እዚህ ጋ? ወይስ ትንሽ ቆይቶ?» እያለ እሳቸው «አዎ» እስኪሉ ድረስ አስተካከለ። «አዎ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ደምስም ዓይኑን አሸ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ባይሆን ኖሮ ለእኔ ምንኛ በቀለለኝ።

«አሁንስ ላሳይሽ?» አለኝ ሲወጣ።

«ሌላ ጊዜ» አልኩት።

የመጨረሻው ልምምድ ሜዳ ላይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ቦታ ስለጠበበ ነፊዎቹን ቆመው ነበር ያስነፋናቸው። ሜዳ ላይ ሲወጡና ሲሞቃቸው መዞር ጀመሩ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት፣ ወደ ኋላ አይመለሱም። የእኔ ገመድ ደግሞ ነሐስ ከታሰረባቸው ከሁለቱ መለከቶች ተነሥቶ ከክቡ ውጭ ወዳለው የደምስ ጠረጴዛ በመሬት ይሄዳል። አንድ ዙር ዞሩ፣ ገመዱ የሰው እግር ያዘ። ደገሙ፣ ነፊዎቹን እንደ ነዶ አንድ ላይ ማሰር ጀመረ። አንዱ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ቦርዷ ከጠረጴዛው ተስባ ጭቃ ላይ አረፈች።

እኔና ደምስ ሁለታችንም የመድረክ ሰዎች ነን። ለእኛ ሙዚቀኛ ማለት ፊቱን ወደ ሕዝብ አዙሮ የሚቆም ሰው ነው። ገመድ ስንለካ የሚዞር ሰው አልታየንም።

ወይዘሮ ገነት «ቆመው ይንፉ፤ እንግዶቹም ፊታቸውን ያዩታል» አለች።

«ቆሜ ነፍቼ አላውቅም» አሉ አባባ ማቴዎስ፣ መለከታቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

ሽቦ የሌለው መሣሪያ እንዳለ ደምስ ያውቃል፤ ሚዛን ላይ ግን ከየት ይመጣል? ቦርዷን ከጭቃ አንሥቼ ስጠርግ ነው የታየኝ። ከጠረጴዛው አጠገብ ረጅም ቀርከሃ እንትከል፤ ገመዱ በሰዎቹ ራስ ላይ አልፎ ወደ ክቡ መሃል ይምጣ። መሃል አንድ ሰው ቆሞ ገመዱን ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ከአባባ ማቴዎስ ጋር እኩል ይዙር። ያኔ ገመዱ ራሱ ይጠመዘዛል እንጂ ሰው ላይ አይጠመጠምም። ረጅም ገመድ ጥቂት መጠምዘዝ ይችላል፤ ሰዎቹ ሲያርፉ ይፈታል።

ደምስ ሰማኝና «አስቱ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ማን ይያዘው?»

ገመዱ ሲጠብቅ በጣቱ የሚሰማው ሰው መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ብየዳው ይበጠሳል። ከእኔ ሌላ ማን አለ?

በበዓሉ ጠዋት ሰማያዊ የሥራ ካፖርቴን ለብሼ መጣሁ። ወይዘሮ ገነት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እንዲህ ሆነሽ ነው ሜዳ መሃል የምትቆሚው? ሚኒስትር የሚያክል እንግዳ እየመጣ?» አለችና ከጨፋሪዎቹ ዕቃ ክፍል የባህል ልብስ አስመጣችልኝ። ጨሌም አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ጊዜ አልነበረም።

መለከቶቹ ጀመሩ። እኔ መሃል ላይ እጄን ሰቅዬ እዞራለሁ፣ ዓይኔ አባባ ማቴዎስ መለከት ላይ ነው፣ ጣቴ ገመዱ ላይ። ሳይነጋገሩ በአባባ ማቴዎስና በሚቀጥለው ነፊ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ትተው ነበር የሚዞሩት። ባዶው ቦታም አብሯቸው ይዞራል። ሽማግሌው ነፉ፤ ስፒከሩ ትንሽ ቆየና ጴጥሮስ ነፋ። ቀጣዩ ሰው ተቀበለው። ዜማው ሞላ። ከሸዋ ቤንች የመጡ ሴቶች እልል አሉ፤ ጴጥሮስን የሚያውቁት አለቀሱ። ክንዴ ዝሎ ነበር፣ ግን አልወረደም። አንድም ብየዳ አልለቀቀም።

ሲያልቅ የክብር እንግዳው ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡ። የደምስን እጅ ይዘው ወዘወዙት። «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ከአስቴር ጋር ነው» አለ ደምስ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

እንግዳው ጨሌዬን አዩና በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ አዎ፣ አይቻታለሁ። ጥሩ ትጨፍራለች።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ደምስ «አይ፣ እሷ እኮ…» ሲል እንግዳው ወደ መኪናቸው ሄደዋል። ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ደምስ ሊያግዘኝ ሲመጣ «ተወኝ» አልኩት።

ምደባው ሲወጣ መደቡ የደምስ ሆነ። ወይዘሮ ገነት ቢሮ ገባሁ። በር አላንኳኳሁም።

«ደምስ ራሱ መጥቶ መደቡ ላንቺ እንዲሰጥ ጠይቆኝ ነበር» አለች ገና ሳልቀመጥ።

ይህ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። መደብ ሲነፍጉኝ ያመመኝ ሳያንስ ደምስ ሊመጸውተኝ! «እኔ ምጽዋት አልለመንኩም» አልኳት። «ሽቦው የእኔ፣ ካሴቱ የእኔ፣ መሃል መቆሙም የእኔ ሐሳብ ነው። ለምን ለእኔ አልሆነም?»

ወይዘሮ ገነት አልተቆጣችም። «እሺ አስቴር» አለች። «ነገ ደምስ ቢታመምና መለከቶቹ ቢመጡ፣ ላፕቶፑን አስነሥተሽ ታሠሪዋለሽ?»

«አልችልም» አልኩ።

«እሱ ብየዳሽን መበየድ ይችላል። እንዳንቺ አያምር ይሆናል፣ ግን ይችላል። እኔ ምን ላድርግ?»

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድባል። ሰውየው ስንት ጊዜ «ላሳይሽ» ብሎኛል፣ እኔ ስንት ጊዜ ገመድ ጠቅልያለሁ! ለራሴ የምለው «ይህ ነገር ይብረድልኝና እማራለሁ» ነበር። እስኪበርድ ድረስ መደቡ ሄደ።

ደምስ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «አስተምረኝ» አልኩት። ድምፄ የጠብ ድምፅ ነበር፣ ሌላ አልወጣልኝም።

ቀና ብሎ አየኝ። «ተቆጥተሻል» አለ።

«ተቆጥቻለሁ። ቀንቼብሃለሁም። አስተምረኝ።»

አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረኝ፣ አንድም አልሰሰተም። ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ፣ ልኩ የት እንደሚቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ሲያብድ ከየት ጀምሮ እንደሚፈተሽ። ሳልረዳ ስቀር ይደግምልኛል፤ በደገመልኝ ቁጥር ይበልጥ እቀናለሁ። ጥርሴን ነክሼ ተማርኩ። በእሱ ሥር በኮንትራት ረዳት ሆኜ ቆየሁ። በኋላ ሐዋሳ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ለመደቡ ተወዳደርኩ፤ ፈተናው ላይ ላፕቶፑን ራሴ አስነሣሁት። መደቡ የእኔ ሆነ።

ብቻዬን ባሠራሁበት የመጀመሪያ በዓል አባባ ማቴዎስና ሰዎቻቸው እንደገና መጡ። ገመዱን መሃል የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ በካፖርቴ ጠረጴዛው ኋላ ነበርኩ። ጴጥሮስ እንደ ልማዱ ትንሽ ዘግይቶ ነፋ። ምንም አልተበላሸም። ሲያልቅ ሽማግሌው መለከታቸውን በብብታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ምን እንደሚሉኝ ለመስማት ቆምኩ። ያን ያህል ዘመን የጠበቅሁት ቃል በመጨረሻ ለእኔ ብቻ ሊነገር ነው።

«ያ ልጅ ጥሩ አድርጎ አስተምሮሻል» አሉኝ።

እንደ ድሮው ቀናሁ። «አዎ፣ አስተምሮኛል» አልኳቸው፤ እውነት ነውና።

ከምትቀኑበት ሰው ተማሩ። ቅናቱ እስኪበርድ አትጠብቁ፤ የእኔ እስከ ዛሬ አልበረደም።